ከመልስ ጋር የመጣው ሳንቲም መልኩ ለምን ተለወጠ?

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ላይ የሌሊት ፈረቃ ካሽ እይዛለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ደንበኛ ሳሳ ይላል። ያኔ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ሳንቲም አንድ በአንድ አገላብጣለሁ። ሱስ ሆኖብኛል።

አንድ ሌሊት አንድ ሰውዬ የቡና ሒሳብ በዝርዝር ከፈለኝ። መሃላቸው ከሰል የመሰለች ኒክል (ባለ አምስት ሳንቲሟ) አለች። አምስት ሳንቲም ከኪሴ ተክቼ ቤት ወሰድኳት። እናቴ የመዳብ ትሪ በሎሚና በአመድ ስትፈትግ እያየሁ ነው ያደግሁት። አመድ እዚህ ከየት ይምጣ? በጥርስ ሳሙና ተካሁትና ፈተግኳት። እንደ መስታወት ሆነች። በማግስቱ ሳንቲም ለሚሰበስብ አንድ ደንበኛዬ በኩራት አሳየሁት። ከመነጽሩ በላይ አየኝና «ምን አድርገህባት ነው?» አለኝ። የ1943 ኒክል ነበረች። ጥቁረቷም ቆሻሻ አልነበረም። «ይቺስ ግድ የለም፣ ዋጋዋ ውስጧ ያለው የብር ማዕድን ነው። ሌላ ብትሆን ግን የፈተግከው ገንዘብህን ነበር» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ምክንያቱን ሳላውቅ ሳንቲም አላጸዳም። የማወራው ስለ አሜሪካ ሳንቲም ነው። ዓመቶቹም ሳንቲሙ ላይ እንዳሉት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቀለሙን ተዉትና መዝኑት

ቀለም ይዋሻል። ክብደት ግን አይዋሽም። እስከ 0.01 ግራም የሚመዝን ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ አንድ ማግኔትና የስልክ ካሜራ ይበቃል። አጉሊ መነጽር ካላችሁ ደግሞ ጥሩ።

ደህና የሆነ ኳርተር (ባለ 25 ሳንቲሙ) 5.67 ግራም ይመዝናል፣ ዳይም (ባለ 10ሩ) 2.27፣ ኒክል ልክ 5። ፔኒ (ባለ አንድ ሳንቲሙ) ሁለት ዓይነት ነው። እስከ 1982 ድረስ የተሠራው 95 በመቶ መዳብ ስለሆነ 3.11 ግራም ይመዝናል። ከዚያ ወዲህ ያለው ውስጡ ዚንክ ነው፣ መዳቡ ስስ ልባጥ ብቻ፤ ክብደቱም 2.5 ግራም። የ1982 ፔኒ ከሁለቱም ዓይነት ስላለ ያለ ሚዛን አይለይም። ጆሮ ያለው ሰው ግን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ይለየዋል። መዳቡ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ዚንኩ ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያለው።

ክብደቱ ልክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከላይ ነው፤ ሳንቲሙ ከወጣ በኋላ የደረሰበት ነገር አለ። ክብደቱ ከተለየ ሳንቲሙ ራሱ ሌላ ነው፣ ወይም አሲድ ነገር በልቶታል።

ኒክሉ ጠቁሯል ወይም አመድማ ሆኗል

መጀመሪያ ዓመቱን አንብቡ። ከ1942 እስከ 1945 ከሆነ ገልብጡትና ከሕንፃው ጉልላት በላይ ተመልከቱ። እዚያ ትልቅ ፒ፣ ዲ ወይም ኤስ የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ የጦርነት ጊዜ ኒክል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኒኬል የሚባለው ማዕድን ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ ከሳንቲሙ አወጡት። በምትኩ 56 በመቶ መዳብ፣ 35 በመቶ ብር፣ 9 በመቶ ማንጋኒዝ አደረጉበት። ጥቁረቱን የሚያመጣው ይኸው ቅይጥ ነው። እያንዳንዷ ኒክል ውስጥ 1.75 ግራም ብር አለ። መፍትሔው መሳቢያው ውስጥ አለመተው ነው፤ ማጽዳት የለም። የ1942ቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ በዚያ ዓመት የድሮው ዓይነትም ተሠርቷል። ፊደሉ ከጉልላቱ በላይ ከሌለ ተራ ኒክል ነው።

ዓመቱ ሌላ ከሆነስ? ያኔ ምናልባት መሬት ውስጥ የቆየ ነው። እርጥብ አፈር ኒክልን ወደ ቡናማ፣ አንዳንዴም ወደ ጥቁር ይወስደዋል። በእጅ ስትዳስሱት ሸካራ ይላል። የብረት መፈለጊያ ማሽን ይዘው ፓርክ ለፓርክ የሚዞሩ ሰዎች ከሚያወጡት ውስጥ ብዙው እንደዚህ ነው፤ በመጨረሻም የሚመነዝሩት ሱቅ ነው። አምስት ሳንቲም ነው፣ አምስት ሳንቲም ይግዛበት።

ኳርተሩ ወይም ዳይሙ ቀልቷል

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ብዙ ሰው በከንቱ የሚደሰትበትም፣ አንዳንድ ሰው ሳያውቅ ሀብቱን የሚጥልበትም ቦታ ይሄ ነው።

ከ1965 ወዲህ ያለው ኳርተርና ዳይም እንደ ሳንድዊች ነው። መሃሉ ንጹህ መዳብ፣ ላይና ታቹ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ። ጠርዙን ብታዩ ያ ቀይ መስመር መዳቡ ነው። አሁን ሳንቲሙ እንደ ፔኒ ቀልቶ ብታገኙት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል።

አንደኛው፣ አንድ ፊቱ ብቻ ቀልቶ ሌላው ነጭ ከሆነ፣ የፋብሪካ ስህተት ነው። አንዱ ፊት ሲታተም የላይኛው ልባጥ አልነበረውም። እንዲህ ያለው ኳርተር ከደህናው ወደ አንድ ግራም ገደማ ይቀላል፤ ግን ጸጉሩም ፊደሉም ጥርት ብሎ ነው የታተመው። ይሄ ሰብሳቢ ጥሩ ገንዘብ የሚከፍልበት ነገር ነው። በወረቀት ጠቅልሉና የሚያውቅ ሰው ይየው።

ሁለተኛው አፈር ወይም አሲድ ነው። አፈር ውስጥ የቆየ ሳንቲም በሁለቱም ፊት ይቀላል፣ መልኩም ዥጉርጉር ነው። ክብደቱ ብዙም አይጎድልም። አሲድ የበላው ደግሞ ክብደቱ ይጎድላል፣ ግን ፊደሎቹም ተልፈስፍሰው፣ ጠርዙ ሳስቶ፣ ሁሉ ነገሩ እንደሟሟ ሳሙና ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንቴ 5.1 ግራም የመዘነ ቀይ ኳርተር አግኝቼ እንቅልፍ አጣሁ። ጠዋት በፀሐይ ሳየው ሳንቲሙ ላይ ያለው የዋሽንግተን ምስል አፍንጫ የለውም። አሲድ ነው።

ጠርዙ ላይ ቀዩ መስመር ከናካቴው ከሌለ ግን ዓመቱን እዩ። 1964 ወይም ከዚያ በፊት ከሆነ 90 በመቶ ብር ነው፤ ኳርተሩ ሲወጣ 6.25፣ ዳይሙ 2.5 ግራም ነበር፣ ያረጀው ትንሽ ይቀንሳል። የብር ሳንቲም የሚጠቁረው አየር ውስጥ ባለው ድኝ ነው። ላስቲክ ጎማ ታስሮበት የቆየ ከሆነ ጥቁሩ እንደ መስመር አቋርጦት ይታያል፤ ላስቲኩ ውስጥም ድኝ አለ።

ፔኒው ያልሆነው የለም

የፔኒ መልክ የመለወጫው መንገድ አያልቅም። ለነገሩ ለዕለት መገበያያ የሚሆን ፔኒ ማተም በኖቬምበር 2025 ቆሟል፤ ያለው ግን ገና ብዙ ዘመን ከእጃችን አይጠፋም።

ነጭ ከሆነ ማግኔት አስጠጉት። ከተሳበና 1943 የሚል ከሆነ ዚንክ የተለበጠ የብረት ፔኒ ነው። ያን ዓመት መዳቡ ለጥይት ሄዶ ነበር። ብዙ ስለተሠራ ውድ አይደለም፤ ዝገት የነካው ደግሞ ይበልጥ ርካሽ ነው፣ ግን አንድ ሳንቲም አድርጋችሁ አትስጡት። ካልተሳበ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው የለበጠው ነው። በትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ክፍል ፔኒ ዚንክ ይለበጥና ነጭ ይሆናል። ከዚያ እሳት ላይ ሲያዝ ዚንኩና መዳቡ ተዋህደው ናስ ይወጣል፤ ወርቅ የመሰለ ፔኒ ማለት ነው። «ወርቅ ፔኒ አገኘሁ» ብሎ ፎቶ የላከልኝ ሁሉ እስካሁን ያገኘው የአንድ ተማሪ የቤት ሥራ ነው።

የ1943 ሆኖ ቀይ መዳብ ከሆነስ? ልብ ይመታል፣ አውቃለሁ። ማግኔት። ከሳበው ብረቱን ሰው መዳብ ለብጦታል። ካልሳበው 3.11 ግራም መሆኑን ተመልከቱ፣ የ3 ቁጥርንም በአጉሊ መነጽር እዩ፤ ከ1948 ላይ 8ን ፍቀው 3 የሚያደርጉ አሉ። እውነተኞቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ላዩ ላይ ጉብጉብ ያለ፣ እንደ እንጀራ ዓይን የመሰለ ነገር ካለው ደግሞ ዚንኩ ውስጥ ለውስጥ እየተበላ ነው። ልባጡ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ክፍተት ካለች እርጥበት ይገባና ዚንኩን ይበላዋል። ነጭ ዱቄት ይወጣል፣ መዳቡ ያብጣል፣ ከዚያ ይፈርሳል። መፍትሔ የለውም። ሌላ ፔኒ አጠገብ ግን አታስቀምጡት። ውሻ ያላችሁ ደግሞ ወለል ላይ የወደቀ ፔኒ አንሱ፤ ሆድ ውስጥ ያለው አሲድ ዚንኩን ስለሚያሟሟው ውሻን ክፉኛ ይመርዛል።

አረንጓዴ ከሆነ ይለያያል። ጠንካራ፣ ደረቅ ቅርፊት ከሆነ የመዳብ ዝገት ነው፣ ሥሩን ይዞ ስለሚበላ ብትፈቀፍቁት ጉድጓድ ይቀራል። የሚያጣብቅ ስስ አረንጓዴ ከሆነ ግን ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ የቆየ ነው፤ የቆየ ፕላስቲክ የሚያወጣው አሲድ ነው የሚሠራው። ይሄኛው ይድናል። ንጹህ አሴቶን በብርጭቆ ውስጥ፣ ሳይፈተግ ጥቂት ደቂቃ። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጠገብ አታድርጉ፣ የፕላስቲክ ኩባያም አትጠቀሙ፣ ይቀልጣል።

መኪና ውስጥ፣ ኩባያ ማስቀመጫው ላይ የፈሰሰ ኮላ ውስጥ ከርሞ የመጣው ጥቁር ልጥልጥ ነገር ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ነው መድኃኒቱ። ይሄን ያህል ቀላል ነው።

ቀይ ቀለም የተቀባ ኳርተር

ይሄን ስወደው! ዥው ያለ ቀይ፣ የጥፍር ቀለም የመሰለ ጠብታ ያለበት ኳርተር አንዳንዴ ይመጣል። ድሮ የመጠጥ ቤት ባለቤቶች የሙዚቃ ሳጥኑን ወይም የፑል ጠረጴዛውን ለማሞቅ ከራሳቸው ኪስ ኳርተር ይከቱ ነበር። ማሽኑ የኪራይ ስለሆነ ገንዘቡን የሚሰበስበው ሰው ሲመጣ የራሳቸውን ለይተው እንዲመልስላቸው ቀይ ይቀቧቸዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያነሳዋል። እኔ ግን እንዳለ ነው የማስቀምጠው።

ሙሉ በሙሉ ወርቅ የመሰለ፣ ጀርባው ላይ የአንድ ክፍለ ግዛት ሥዕል ያለበት ኳርተር ደግሞ ከ1999 እስከ 2008 ከወጡት ውስጥ የግል ነጋዴዎች ለብጠው የሸጡት ነው። ልባጡ ከጭስ የሳሳ ነው። 25 ሳንቲም።

ወርቃማው የዶላር ሳንቲም ቢጠቁር ግን አትደንግጡ። ውስጡ ማንጋኒዝ አለ፣ የእጅ ላብ ሲነካው ይጨልማል።

ቀስተ ደመና

ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቢጫ ቀለም አንድ ላይ። የብር ሳንቲም ላይ ይሄ ራሱ የጥቁረት መጀመሪያ ነው፤ ሽፋኑ ገና ስስ ስለሆነ ብርሃን እንደ ቤንዚን ጠብታ ውሃ ላይ ይጫወትበታል። ከጠርዝ ወደ መሃል ቀስ እያለ የሚሄድ ከሆነ ዓመታት የፈጀ ነው፣ ሰብሳቢም ይወደዋል። አዲስ ፔኒ ወይም ኳርተር ላይ ድንገት የደመቀ ሐምራዊ ካያችሁ ግን አንድ ሰው ምድጃ ላይ አስቀምጦታል።

እና ላጽዳው?

ተራ ሳንቲም ከሆነ እንደ ልባችሁ። ኮምጣጤና ጨው የጠቆረ ፔኒን በደቂቃ ያቀላዋል፤ በደንብ ካልታጠበ ግን በማግስቱ አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ትንሽም ቢሆን ከጠረጠራችሁ ግን ንጹህ ውሃና አሴቶን፣ በቃ። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉት ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች የተፈተገ ሳንቲም ሲያገኙ መደበኛ ቁጥር አይሰጡትም፣ «የጸዳ» ብለው ይጽፉበታል። ጭረቱ በዓይን ባይታይም በመብራት ሥር ይታያል።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ሻንጣዋ ውስጥ፣ በሻሽ ጫፍ የተቋጠረ አንድ ጥቁር ሽልንግ ይዛልኝ ነበር፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለበት፣ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ የሚል። ሚዛኑን አወጣሁ። ወደ 7 ግራም። ማግኔቱ አልሳበውም። የዚያ ዘመን ሽልንግ ብር ነው፣ ፊላደልፊያም ውስጥ ተመትቶ ነበር። አያቴ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራው የኖረች ሳንቲም ከኔ ሱቅ በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የተሠራች መሆኗን ለእናቴ ስነግራት «እንግዲያው ጠቁራ ከምትቀር ሎሚ አምጣና እንሽሻት» አለችኝ። «እማ፣ ተያት» አልኳት። አሁንም ጥቁር ናት፤ ከ1943ቷ ኒክል አጠገብ አስቀምጫታለሁ።