አዲስ ጌም ኮንሶል ሲገዙ የቆዩ ጌሞችዎን እንዳያጡ ምን ማድረግ አለብዎት?

በጅማ ኮንሶል የሚገዛ ሰው፣ የጌም ቤት ባለቤትም ይሁን ለልጆቹ የሚገዛ ወላጅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዋጋና ስለ ሥዕል ጥራት ነው። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን በእጅ ያሉት ዲስኮች በአዲሱ ዕቃ ላይ ይሠሩ እንደሆነ ነው። በዓመታት የተሰበሰቡ ጌሞች ኮንሶሉ ስለተቀየረ ብቻ ከጥቅም ውጪ ሊሆኑ አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ አንድን ጌም በኢንተርኔት እንደገና ማውረድ ብዙ ጊጋባይት በሚፈጅበት ሁኔታ ደግሞ ይህ ጥያቄ ከሥዕሉ ጥራት ይቀድማል።

በመጀመሪያ ዲስኮችዎ የየትኛው ትውልድ እንደሆኑ ይለዩ፤ የስም መመሳሰል ዋስትና አይሆንምና። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 የቀዳሚውን ዲስኮች ያጫውት ነበር። በ2006 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን 3ዎች የፕሌይስቴሽን 2ን ቺፖች በውስጣቸው ስለያዙ የዚያን ጌሞች ይቀበሉ ነበር፤ አምራቹ ሶኒ ወጪ ለመቀነስ ሲል በኋላ በተሠሩት ላይ ቺፖቹን አስቀራቸው። የፕሌይስቴሽን 3 ዋና ፕሮሰሰር ሴል የሚባለው ሲሆን አሠራሩ ከሌሎቹ እጅግ የተለየ ነው። በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ግን በተራ ኮምፒውተር ውስጥ ካለው ጋር የሚቀራረብ ፕሮሰሰር ስላለው የፕሌይስቴሽን 3 ዲስክ አያነብም፤ ፕሌይስቴሽን 5ም እንዲሁ። ሻጩ ምንም ቢልዎት ይህ አይለወጥም፤ ስለዚህ የሚወዷቸው የፕሌይስቴሽን 3 ዲስኮች ካሉዎት አሮጌውን ኮንሶል አይሽጡ። ፕሌይስቴሽን 5 ከፕሌይስቴሽን 4 ጋር ተመሳሳይ መሠረት ስላለው ከ4,000 በላይ ከሆኑት የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞች ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉንም ያጫውታል።

ቀጥሎ የዲስክ ማስገቢያውን በዓይንዎ ይመልከቱ። የፕሌይስቴሽን 5 ዲጂታል ኤዲሽን ማስገቢያ የለውም፤ ፕሮ የሚባለውም ያለ ማስገቢያ ይሸጣል። በ2023 የወጣው ቀጭኑ ሞዴል ማስገቢያውን ለብቻው ገዝቶ መግጠም ያስችላል፤ ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ግድ ነው። ዕቃው ከውጭ አገር በዘመድ ወይም 350 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው አዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ የሞዴሉን ሙሉ ስምና ዲስክ የሚቀበል መሆኑን በጽሑፍ ይላኩ፤ ለመመለስ የሚወጣው ወጪና ድካም ቀላል አይደለምና።

ኤክስቦክስ ለቆዩ ጌሞች ከሁሉም የተሻለ ትኩረት ሰጥቷል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ከኤክስቦክስ አዲሶቹ ሞዴሎች ሲሪስ ኤክስ፣ ከዲጂታል ኤዲሽኑ በስተቀር፣ ዲስክ ሲቀበል ሲሪስ ኤስ አይቀበልም። የኤክስቦክስ 360 ዲስክ ሲገባ ግን ኮንሶሉ ዲስኩን የባለቤትነት ማረጋገጫ አድርጎ ጌሙን ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ የሚሠሩትም በዝርዝሩ የተካተቱት ብቻ ናቸው፤ ዝርዝሩም ከኅዳር 2021 ወዲህ አዲስ አልተጨመረበትም። በኔንቲዶ በኩል ስዊች 2 አብዛኞቹን የስዊች ጌሞች ይቀበላል።

ከፕሌይስቴሽን 4 ወደ 5 የሚሸጋገሩ ከሆነ ቢያንስ 250 ጊጋባይት የሚይዝ ዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ በአሮጌው ላይ ሰክተው ጌሞቹን ያዛውሩና በአዲሱ ላይ ይሰኩት፤ እንደገና ሳያወርዱ ከዚያው ላይ ይጫወታሉ። ሴቭ ያደረጓቸውንም በፍላሽ ይቅዱ፤ ይህ ሁሉ ተጠናቆ ሳይሞከር አሮጌውን ለገዢ አያስረክቡ። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲኮችም የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞችን በአዲሱ ኮንሶል ላይ ለመጫወት ስለሚያገለግሉ የጌም ቤት ባለቤቶች ሊጥሏቸው አይገባም።

በጅማው መርካቶም ሆነ በፈረንጅ አራዳ ያገለገለ ኮንሶል ሲገዙ ከቤትዎ ሁለት ዲስኮች ይዘው ይሂዱ፤ ጌሙ ተከፍቶ ጨዋታው እስኪጀምር ድረስም ይጠብቁ። በዚያ ሰዓት መብራት ከሌለ ክፍያውን ወደ ሌላ ቀን ያስተላልፉ።