ፕሮግራሙ ጡረታ ሲወጣ ፋይሉ አብሮ እንዳይቀበር

ጎግል ጃምቦርድ የተባለውን የዲጂታል ሰሌዳ መተግበሪያ እንደሚዘጋ ያስታወቀው በሴፕቴምበር 2023 ነበር። ኦክቶበር 1 ቀን 2024፣ በእኛ መስከረም 21 ቀን 2017፣ ሰሌዳዎቹ የሚታዩ ግን የማይጻፍባቸው ሆኑ፤ ከዲሴምበር 31 በኋላ መተግበሪያው ጨርሶ ተዘጋ። ከማስታወቂያው እስከ መዝጊያው አንድ ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ነበር፤ ለመዘጋጀት ይበቃል። ማስታወቂያው ያልደረሰው መምህር ግን ነገሩን ያወቀው ትምህርት በተጀመረ በወሩ፣ ተማሪ ፊት ቆሞ ነው።

ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል በኩባንያው ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር የኪራይ ቤት ነው። አከራዩ ክፍል ሲጨምርም ሲያፈርስም ቀድሞ ይናገራል፤ ማይክሮሶፍት ለምሳሌ ተተኪ ሳያቀርብ ለሚያቆመው ምርት ቢያንስ 12 ወር፣ ደንበኛው እርምጃ መውሰድ ለሚኖርበት ለውጥ ደግሞ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ያስታውቃል። ሥራው የሚበላሸው ማስታወቂያው የሚገባበትን የፖስታ ሣጥን የሚከፍት ሰው ሲጠፋ ነው።

መጀመሪያ ማስታወቂያው ለማን እንደሚደርስ ይወቁ

ብዙ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ውስጥ የዋናው አድሚን (የአስተዳዳሪው) አካውንት የተከፈተው በአንድ ፕሮጀክት ጊዜ ነው። ፕሮጀክቱ አልቋል፣ ሰውየው ሥራ ለቋል፣ ኢሜይሉ ግን አሁንም ማስታወቂያ እየተቀበለ ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትተው ከዚህ ይጀምሩ።

ጎግል ወርክስፔስ የሚጠቀሙ ከሆነ አድሚን ኮንሶል ውስጥ «አካውንት»፣ ከዚያ «አካውንት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ፕሮፋይል» ይግቡ። የዋናው አድሚን ስምና ተለዋጭ ኢሜይል እዚያ አለ። ተለዋጩ ኢሜይል ከድርጅቱ ጎራ (ከኢሜይሉ @ በኋላ ካለው ስም) ውጭ ያለ፣ በየቀኑ የሚከፈት አድራሻ ይሁን። ሱፐር አድሚን (ሙሉ ሥልጣን ያለው አስተዳዳሪ) ቢያንስ ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ሲታመም ወይም ሲለቅ በሩ እንዳይቆለፍ።

ማይክሮሶፍት 365 ከሆነ አድሚን ሴንተር ውስጥ «ሄልዝ» ከሚለው ሥር «መሴጅ ሴንተር» አለ። እያንዳንዱ መልእክት «ኤምሲ» ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለው። ርዕሶቹ እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ከሌላ ባለሙያ ጋር ሲነጋገሩ ቁጥሩን ይጥቀሱ። መልእክቶቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ «ስቴይ ኢንፎርምድ» ለመረጃ ያህል ነው፣ «ፕላን ፎር ቼንጅ» ለውጥ እየመጣ ስለሆነ ይዘጋጁ ማለት ነው፣ «ፕሪቬንት ኦር ፊክስ ኢሹ» ግን ዛሬ ነገ አይባልም። ጊዜ የሌለው ሰው «ሪታየርመንት» የሚለውን ምልክት መርጦ ቢያጣራ የሚዘጉትን ብቻ ያገኛል። «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ገብተው የሳምንቱ ማጠቃለያ በኢሜይል እንዲላክ ማድረግም ይቻላል።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። «መሴጅ ሴንተር ሪደር» የሚባል የሥራ ድርሻ አለ፤ ይህ የተሰጠው ሰው ማስታወቂያዎቹን ያነባል እንጂ ምንም ነገር መቀየር አይችልም። ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ወይም ለአስተዳደር ኃላፊው ይስጡት። የአይቲ ባለሙያው «ይህን አዘጋጁ» ሲል ጉዳዩን ቀድሞ ያነበበ አለቃ መኖሩ ግማሽ ሥራ ነው።

ቀኑን ሲያነቡ

ማስታወቂያ ላይ 10/1/2024 ተብሎ ቢጻፍ አሜሪካኖች ወርን ስለሚያስቀድሙ ኦክቶበር 1 ማለት ነው። ቀን ማስቀደም የለመደ ሰው ጃንዋሪ 10 ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ቀኑን ወዲያው ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይረው፣ የወሩን ስም በፊደል ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ሰዓቱም ያሳስታል፤ ካሊፎርኒያ ከእኛ በበጋቸው 10፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በዚህ ሂሳብ መተማመን ግን አያስፈልግም፤ የእርስዎ የመጨረሻ ቀን ከተጻፈው 2 ሳምንት ቀደም ያለው ነው። መብራትና ኔትወርክ የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው።

ሌላው «ይቆማል» የሚለው ቃል ትርጉሙ አንድ አለመሆኑ ነው። ዊንዶውስ 10 በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ድጋፉ ሲያበቃ ኮምፒውተሮቹ አልጠፉም፤ የቀረው መደበኛው ነፃ የደኅንነት እድሳት ነው። ጃምቦርድ መጀመሪያ የንባብ ብቻ ሆነ፣ ኋላ ተዘጋ። ሜይ 5 ቀን 2025፣ በአርበኞች ቀን፣ የተዘጋው ስካይፕ ደግሞ ተጠቃሚውን በዚያው አካውንት ወደ ሌላው የማይክሮሶፍት መገናኛ፣ ወደ ነፃው ቲምስ አዛወረ። እንግዲህ ማስታወቂያውን ሲያነቡ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ አዲስ መሥራት የሚቆመው መቼ ነው? አሮጌውን መክፈት የሚቆመው መቼ ነው? ፋይሉ ወዴት ይሄዳል? ሁለተኛው መልስ ከሌለው ማስታወቂያውን እንደገና ያንብቡት።

ቀኖች ይገፋሉም። ማይክሮሶፍት ኢሜይል በተራ ፓስወርድ ብቻ መላክን የሚያቆምበት ቀን እንደዚህ ተገፍቷል። «አፕዴትድ መሴጅ» የሚለው ምልክት ለዚህ ነው፤ የለጠፉትን ወረቀት በወር አንድ ጊዜ ከዋናው ጋር ያመሳክሩ።

ፐብሊሸር፦ ከክረምቱ በፊት የሚጀመር ሥራ

የሰርቲፊኬትና የመጽሔት ማዘጋጃ የሆነው የማይክሮሶፍት ፐብሊሸር ዕድሜ በኦክቶበር 2026 እንዲያበቃ ተወስኗል። ያ ወር በእኛ ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ቀን 2019 ነው፤ መታወቂያ የሚታተምበት፣ የክፍል ፕሮግራም የሚባዛበት ጊዜ። ፐብሊሸርን በማይክሮሶፍት 365 ክፍያ የሚያገኝ ሰው ከዚያ በኋላ የፐብሊሸር ፋይልን በፕሮግራሙ መክፈት አይችልም። ዎርድም ፓወርፖይንትም ይህን ፋይል አይከፍቱም። አንድ ጊዜ ተገዝቶ የተጫነ፣ እንደ 2019 እና 2021 ያለ ፐብሊሸር ግን መክፈቱን ይቀጥላል፤ የሚያጣው ድጋፉን ነው (የ2019ኙ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል)። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ካለዎት አይደምስሱት፤ ከኔትወርክ ነቅለው የማኅደር ማሽን ያድርጉት።

ፍለጋው የሚጀምረው ከጸሐፊዋ ኮምፒውተር ነው፤ ከሰርቨሩ አይደለም። በፋይል ኤክስፕሎረር መፈለጊያ ሣጥን ውስጥ የኮከብ ምልክት፣ ነጥብ፣ ከዚያ ፒ፣ ዩ፣ ቢ የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ሳያራርቁ ይጻፉ። ዴስክቶፑን፣ ዶክመንት ፎልደሩን፣ ዋንድራይቩን፣ መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ፍላሾች ሁሉ ይፈትሹ። የተገኘውን ሁሉ ወደ አንድ ፎልደር ይገልብጡ፤ ዋናው ካለበት አይንቀሳቀስ።

ከዚያ ለሁለት ይክፈሉት። አንዱ ታትሞ ያለቀ ነው፦ የድሮ መጽሔት፣ የምረቃ በራሪ ወረቀት። እሱን «ፋይል»፣ «ኤክስፖርት»፣ «ክሪኤት ፒዲኤፍ» ብለው ይለውጡት፤ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሃይ ኳሊቲ ፕሪንቲንግ» ይምረጡ፣ አነስተኛው መጠን ፎቶ ያደበዝዛል።

እዚህ ላይ የአማርኛ ፋይል የራሱ ጣጣ አለው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ፣ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለኪያ) ባልሆኑ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ዓይን ፊት አማርኛ ቢመስልም ውስጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ፒዲኤፉ ውስጥ ፎንቱ ስለሚካተት በትክክል ይታያል፤ ስም ፈልጉ ቢባል ግን አይገኝም፣ ወደ ዎርድ ቢገለብጡት ዥጉርጉር ምልክት ይሆናል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ አንድ መስመር መርጠው ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይቀይሩ። አማርኛው ካልጠፋ ዩኒኮድ ነው። ምልክት ከሆነ ጽሑፉን ወይ በመቀየሪያ መሣሪያ ያስለውጡ፣ ወይ እንደገና ይጻፉት፤ የፎንቱን ፋይልም ከማኅደሩ ጋር ያስቀምጡ።

ሁለተኛው ክፍል በየዓመቱ የሚያገለግለው ነው፦ ሰርቲፊኬት፣ መታወቂያ፣ ጥሪ ወረቀት። ይህ እንደገና መሠራት አለበት። ፒዲኤፉን በዎርድ ከፍቶ መጠገን ይቻላል ቢባልም የሚሠራው ጽሑፍ ለበዛበት ሰነድ ነው፤ ጠርዝና ማኅተም ያለበት ሰርቲፊኬት ይበታተናል። ከባዶ መጀመር ይፈጥናል።

ሰርቲፊኬቱን በፓወርፖይንት የሚሠሩ ከሆነ «ስላይድ ሳይዝ» ውስጥ ያለውን «ኤ4» አይመኑት። የፓወርፖይንት ኤ4 27.5 በ19.05 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከወረቀቱ ያንሳል፤ ጠርዙ ሲታተም ወደ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው። «ከስተም» ብለው 29.7 በ21 ያስገቡ፣ ሲጠይቅዎ «ኢንሹር ፊት» ይበሉ። መታወቂያ ከሆነ የመደበኛው ካርድ መጠን 85.6 በ54 ሚሊ ሜትር ነው።

የተማሪ ስም ከኤክሴል እየተሳበ እንዲሞላ ከፈለጉ ግን ዎርድ ይሻላል፤ «ሜይሊንግስ» በሚለው ክፍል «ስታርት ሜይል መርጅ» አለ። ኤክሴሉ ላይ ከመጻፍዎ በፊት የቀን ዓምዱን «ቴክስት» ያድርጉት። ካላደረጉ፣ ቀን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ጥቅምት 5ን 5/2/2017 ብለው ሲጽፉ ኤክሴል የፈረንጅ ፌብሩዋሪ አድርጎ ይይዘዋል፤ ዎርድ ላይ ሲሳብ ወርና ቀኑ ተገለባብጦ ሊወጣ ይችላል። ጥቅምት 30ን ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። አንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር ይገባና ሰርቲፊኬቱ ከታተመ በኋላ ነው የሚታየው። ጳጉሜንን በቁጥር ማስገባትማ አይሞከር። መቶውን ከማተምዎ በፊት አምስቱን በተራ ወረቀት ያትሙ፤ ከአምስቱ አንዱ ረጅሙ የአያት ስም ያለው ተማሪ ይሁን።

ስካነሩ ኢሜይል መላክ ሲያቆም

ይህ ከሁሉም የበለጠ ሰው የሚያደናግር ነው፤ ማሽኑ የተበላሸ ይመስላልና። ጎግል ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በወርክስፔስ አካውንት በተራ ፓስወርድ ብቻ የሚገባ መሣሪያ መቀበል አቁሟል። ኮፒ ማድረጉ ይሠራል፣ ስካኑ ይነበባል፣ መላኩ ላይ ግን ማሽኑ መግባት አልተቻለም ይላል። ቴክኒሻን ከመጥራትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ።

ስካነሩ የሚልክበትን አካውንት ከፍተው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ያብሩ። ከዚያ «አፕ ፓስወርድ» (ለመሣሪያው ብቻ የሚሆን ፓስወርድ) ይፍጠሩ፤ 16 ፊደል ይሰጥዎታል። በክፍተት ተከፋፍሎ ቢታይም ማሽኑ ላይ ያለ ክፍተት ያስገቡት። ፖርቱ (የመላኪያ በር ቁጥሩ) 587 ከቲኤልኤስ ጋር፣ ወይም 465 ከኤስኤስኤል ጋር ይሁን፤ ሁለቱም የሚላከውን የሚያመሰጥሩ ዘዴዎች ናቸው። የአካውንቱ ዋና ፓስወርድ በተቀየረ ቁጥር አፕ ፓስወርዱ ይሰረዛል፤ «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ስለዚህ ለስካነር የማንም የግል ያልሆነ አካውንት ይመድቡ። አሮጌ ማሽን ቲኤልኤስን ጨርሶ ካላወቀ ወደ ፍላሽ ስካን አድርጎ መኖር ነው።

ፋይል ሲያወርዱ

ጎግል ቴክአውት አንድን አካውንት ጠቅልሎ ለማውረድ ይረዳል። የእሽጉን መጠን እስከ 50 ጊጋባይት ማድረግ ይቻላል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ግን 2 ጊጋባይት ይምረጡ፣ አንዱ ቢቋረጥ የሚደግሙት እሱን ብቻ ነው። የማውረጃው ሊንክ 7 ቀን ገደማ ይቆያል፣ ስለዚህ ዓርብ ማታ አዝዘው ለሁለት ሳምንት ዕረፍት አይውጡ። የለቀቀ ሠራተኛ ወይም የተመረቀ ተማሪ አካውንት ሲጠፋ ጎግል ላይ ለመመለስ 20 ቀን፣ ማይክሮሶፍት ላይ 30 ቀን አለዎት። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ነው።

አዲስ ነገር ሲመጣ

አዲስ አሠራርን ለሁሉም ባንዴ መክፈት አያስፈልግም። ማይክሮሶፍት 365 ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ኦርግ ሴቲንግስ»፣ «ኦርጋናይዜሽን ፕሮፋይል»፣ «ሪሊስ ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ለተመረጡ ሰዎች ብቻ ቀድሞ እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል። ሦስት ሰው ይበቃል፦ አንድ መምህር፣ አንዲት ጸሐፊ፣ አንድ ኮምፒውተር የማይወድ ሰው። ስህተቱን ቀድሞ የሚያገኘው ሦስተኛው ነው። ጎግል ላይ «ራፒድ» እና «ስኬጁልድ» የሚባሉ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ለትምህርት ቤት ሁለተኛው ይሻላል፣ ለማየትና ለማስረዳት ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ይሰጣል።

«እሷ ጋ አዲሱ ቁልፍ አለ፣ እኔ ጋ የለም» የሚል አቤቱታ ሲመጣ ቶሎ ብለው ሴቲንግ አይነካኩ። ጎግል ቀስ በቀስ የሚለቀቅ ብሎ የሚያወጣው ለውጥ ሁሉም ጋ እስኪደርስ እስከ 15 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን መነሻ ቀን ይዩና 15 ይደምሩ፤ ያ ቀን ካለፈ ያኔ ይፈትሹ።