ሻፍቱ ለምን ተሰበረ? ከሜካኒካል ወደ ፎረንሲክ ምህንድስና

ሜካኒካል ተምራችሁ ፎረንሲክ ውስጥ መግባት አምሯችኋል? ይቻላል፤ ዲግሪው በደንብ ያስኬዳል። ግን ፊልም ላይ እንደምታዩት እንዳይመስላችሁ። ሥራው የተሰበረ፣ የተቃጠለ ወይም የፈነዳ ዕቃ ላይ፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለማወቅ፣ አፍጥጦ መዋል ነው፣ የቀረው ጊዜ ደግሞ ሪፖርት መጻፍ። መጻፍ የሚያስጠላው ሰው ካሁኑ ቢያስብበት ይሻላል።

ገና ተማሪ ከሆናችሁ ማቴሪያል ሳይንስና የማሽን ዲዛይን እንዳያመልጣችሁ። ማስተርስ ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁም ሰማይ አይደፋም። ከምረቃ በቀጥታ መዝለሉን ግን አልመክርም። ጥቂት ዓመት ጥገና፣ ዲዛይን ወይም ፍተሻ ላይ ሥሩ። ጤነኛ ቤሪንግ (ኩሽኔታ) እንዴት እንደሚጮህ ያልሰማ ሰው የተበላሸውን በምን ይለየዋል?

እስኪ ሥራውን ጠጋ ብለን እንየው። ለሁለት የተሰበረ ሻፍት (የሚሽከረከር የማሽን ዘንግ) መጣላችሁ እንበል። ወዲያው ሁለቱን ስባሪ መልሶ ለመግጠም እጅ ይበላል። በፍጹም! ፊቶቹ ከተፋተጉ ማስረጃው ሄደ። በሽቦ ብሩሽ መፈተግም የለም። መጀመሪያ ባለበት ፎቶ አንሱት፣ ማን መቼ እንዳስረከባችሁ መዝግቡ፣ ከዚያ መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ ተመልከቱት። ውሃ እየሸሸ ሲሄድ ዳር ላይ የሚተወውን ዓይነት ቅስት መስመር ካያችሁ ብረቱ የተሰነጠቀው ቀስ በቀስ ነው፤ ፋቲግ የሚባለው ይሄ ነው። ቅስቶቹ እየጠበቡ ወደሚሄዱበት ተከተሉ፣ መነሻውን ታገኙታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ኪይ (ሻፍቱን ከጊር ወይም ከፑሊ ጋር የሚያያይዘው ቁራጭ ብረት) የሚገባበት ቦይ ሹል ጥግ ላይ ነው። ሸካራው ክፍል መጨረሻ ላይ ባንዴ የተበጠሰው ነው። እሱ ትንሽ ከሆነ «ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ነው» የሚላችሁን ሰው ቶሎ አትመኑ፤ ሻፍቱ እኮ ሊበጠስ ሲል እንኳ ጭነቱን የያዘው በቀረችው ትንሽ ብረት ነበር።

ወረቀትም አገላብጡ። እ.ኤ.አ. በ1981 ካንሳስ ሲቲ፣ ሀያት ሪጀንሲ ሆቴል ውስጥ የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰው ሞቷል። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱን መተላለፊያ የሚይዘው አንድ ወጥ ዘንግ ነበር። ኋላ ለሁለት ተከፈለ፣ የላይኛው ማያያዣ ጭነትም እጥፍ ሆነ። እንዲህ ያለው ነገር የሚወጣው የመጀመሪያውን ስዕል ከተሠራው ጋር ስታስተያዩ ነው።

ቀጣሪዎቹ ብዙ ጊዜ ለኢንሹራንስና ለጠበቆች የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች፣ አምራቾችና የአደጋ መርማሪ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከሆናችሁ ፒኢ የሚሉትን የሙያ ፈቃድ ቶሎ አውጡ። እሳት ከሳባችሁ ኤንኤፍፒኤ 921 (NFPA 921) የሚባለውን የእሳትና የፍንዳታ ምርመራ መመሪያ አንብቡ። ፍርድ ቤት ስትቀርቡ ደግሞ ጠበቃው የሚያጠቃው ዘዴያችሁን ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ መደምደሚያ በምን ፍተሻ እንደተገኘ ጻፉ።

እስከዚያው ጋራዥ ሂዱና የተጣሉ ብሎኖችና ቤሪንጎች ለምኑ። አጉሊ መነጽር ግዙ። ለእያንዳንዱ ስብራት አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፉና መሐንዲስ ላልሆነ ጓደኛ አስነብቡት፤ ካልገባው እንደገና።