ፊሊፒንስ ውስጥ ያበደሩት ገንዘብ ያለ ጠበቃ እንዴት ይመለሳል?

በፊሊፒንስ ሰፈሮች ሳሪ ሳሪ የሚባል ትንሽ ሱቅ በየጥጉ አለ። ብዙ ጊዜ የባለቤቷ መኖሪያ ቤት መስኮት ነው። ሻምፖውና ቡናው ለአንድ ጊዜ በምትበቃ ከረጢት ተንጠልጥሎ ይሸጣል። ከጎኑ ደግሞ ሊስታ አይጠፋም፤ እኛ የዱቤ ደብተር የምንለው ነው።

እንበልና ባለሱቋ ለጎረቤቷ 40,000 ፔሶ በጥሬው አበደረች። ጎረቤት «ዛሬ ነገ» እያለች ዓመት ሞላት። ጠበቃ ብትይዝ ክፍያው ብድሩን ሊውጠው ነው። ደግነቱ የአገሩ ሕግ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መንገድ አበጅቷል።

መንገዱን ከመጀመራችሁ በፊት «አሳስርሻለሁ» የሚለውን ዛቻ ተዉት። የ1987ቱ የፊሊፒንስ ሕገ መንግሥት ማንም ሰው በዕዳ እንዳይታሰር ይከለክላል። ደረቅ ቼክ ሲሆን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ በራሱ ሕግ ወንጀል ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ማስረጃ መሰብሰብ ነው። የተፈረመ ወረቀት ካለ እሰየው። ከሌለም ተስፋ አትቁረጡ። «ደሞዝ ስቀበል እከፍልሻለሁ» የሚል የሜሴንጀር መልእክት፣ በጂካሽ (በስልክ ገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ) የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ፣ ጎረቤቷ የፈረመችበት የሊስታው ገጽ፣ ሁሉም ይረዳል። ስክሪንሾት ስታነሱ ስሙና ቀኑ ይታይ። መልእክቱንም ከስልኩ አታጥፉ። ወለድን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፦ በጽሑፍ ያልተስማማችሁበትን የብድር ወለድ መጠየቅ አትችሉም። ጊዜም ይቆጠራል። በቃል ውል 6 ዓመት፣ በጽሑፍ ውል 10 ዓመት ካለፈ ክሱ በይርጋ ይታገዳል።

ቀጥሎ የመጠየቂያ ደብዳቤ ጻፉ። ስድብም ማስፈራሪያም አይግባበት። «ማርች 3 ቀን የወሰድሽው 40,000 ፔሶ እስካሁን አልተመለሰም። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ በ15 ቀን ውስጥ እንድትከፍዪኝ እጠይቃለሁ» ካላችሁ በቂ ነው። ሁለት ቅጂ አዘጋጁና በአንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብላ ትፈርም። እምቢ ካለች በአደራ ፖስታ ላኩና ደረሰኙን ያዙ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ያሳዝነኛል። ተበዳሪው በሕግ «ዘግይቷል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከተጠየቀ በኋላ ነው። ፍርድ ቤት በዓመት 6 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ሲያስብም ይህ ቀን ዋጋ አለው።

ከዚያ ወደ ባራንጋይ። ባራንጋይ ትንሹ የአስተዳደር እርከን ነው፣ እንደኛ ቀበሌ። ሁለታችሁም ግለሰቦች ከሆናችሁና በአንድ ከተማ ወይም ወረዳ የምትኖሩ ከሆነ፣ ባራንጋይን ሳታዩ ፍርድ ቤት መሄድ አትችሉም። ሰዎች «ካፕ» እያሉ የሚጠሩት የባራንጋዩ ሹም ሁለታችሁንም ጠርቶ ለማስታረቅ 15 ቀን አለው። ካልተሳካለት ፓንግካት የሚባሉ ሦስት ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ለእነሱም 15 ቀን አላቸው፤ ሊራዘምም ይችላል። ጠበቃ አይገባም፣ ባለጉዳዩ ራሱ ይቀርባል።

እኔ ልባችሁን እዚህ ላይ ብትጥሉ እመርጣለሁ። ከሽምግልና ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይቆራረጥ የሚያልቀው እዚህ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ቃል ግን በአብዛኛው በይሉኝታ ይጸናል። በባራንጋይ የተፈረመ ስምምነት ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ በማታለል ወይም በማስገደድ ነው ተብሎ ካልተሻረ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያህል ክብደት አለው። ባራንጋዩ ራሱም በ6 ወር ውስጥ ሊያስፈጽመው ይችላል። ስለዚህ «ቀስ በቀስ ትከፍላለች» ተብሎ አይጻፍ። «በየወሩ በ15ኛው ቀን 4,000 ፔሶ፣ ለ10 ወር፤ አንዱ ቢዘል ቀሪው በሙሉ ይጠየቃል» ተብሎ ይጻፍ።

እርቁ ካልሰመረ ክስ ለመመሥረት የሚያስችል የምስክር ወረቀት ይሰጣችኋል። እሱን አትጣሉት። እናንተ ራሳችሁ ያለ በቂ ምክንያት ከቀራችሁ ግን የመክሰስ መብታችሁን ልታጡ ትችላላችሁ።

አሁን ፍርድ ቤት። ስሞል ክሌምስ (የአነስተኛ ገንዘብ ክስ) የሚባለው አሠራር በ2008 ሲጀመር ጣሪያው 100,000 ፔሶ ነበር። ከኤፕሪል 2022 ወዲህ ወለድና ወጪ ሳይታሰብ እስከ 1,000,000 ፔሶ ይደርሳል። ከመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ቅጹን ትወስዳላችሁ፣ ትሞላላችሁ፣ በመሐላ ታረጋግጣላችሁ። ክፍያ አለው፤ አቅም የሌለው ነፃ እንዲሆን ማመልከት ይችላል። ማስረጃችሁን በሙሉ ያኔውኑ አያይዙ። በችሎቱ ቀን «ቤት የረሳሁት ወረቀት ነበር» ብትሉ ያለ በቂ ምክንያት አይቀበሏችሁም።

ተከሳሿ መልስ ለመስጠት 10 ቀን አላት። በችሎቱ ጠበቃ ቆሞ አይከራከርም፣ እሱ ራሱ ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ካልሆነ በቀር። ዳኛው መጀመሪያ እንድትስማሙ ይሞክራሉ፤ ካልሆነ ሁለታችሁንም ሰምተው ችሎቱ ባለቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ይወስናሉ። ይግባኝ የለም። ከሳሽ ከቀረ ክሱ ይሰረዛል፤ ዋናዎቹን ሰነዶች ይዛችሁ በሰዓቱ ድረሱ።

በዱባይ ወይም በቤይሩት ከፊሊፒናውያን ጋር አብረው የሠሩ ብዙ እህቶች አሉን። እነዚያ ፊሊፒናውያን ሴቶችም አገር ቤት ላለ ዘመድ አበድረው ይቸገራሉ። እንዲህ ያለች ሰው ለመታረቅም የሚያስችል ልዩ ውክልና ለቅርብ ዘመዷ ሰጥታ ፍርድ ቤት ልታስቀርብ ትችላለች። ወኪሉ ጠበቃ መሆን አይችልም።

ከተፈረደ በኋላ ገንዘቡ በራሱ አይመጣም። ካልተከፈለ የአፈጻጸም ትእዛዝ እንዲወጣ ለዚያው ፍርድ ቤት ታመለክታላችሁ። ከዚያ የፍርድ ቤቱ ሸሪፍ ንብረት ወይም የባንክ ሂሳብ ይይዛል። ተበዳሪዋ የባንክ ሂሳብ እንዳላት፣ ሞተር ሳይክል ወይም ትራይሲክል (እንደ ባጃጅ ያለ ባለሦስት እግር) በስሟ እንዳለ አስቀድማችሁ አጣርታችሁ ጻፉለት።