ኮንግረስን ለማሳመን ስንነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለአገር ቤት ጉዳይ ጉልበትም ገንዘብም አንሰስትም። ብርድና ዝናብ ሳይበግረን ሰልፍ እንወጣለን። የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ድካም በጥቂት ስህተቶች ከንቱ ሲቀር ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ከኮንግረስ ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ የሆነው የተወካዮች ምክር ቤት አንድ ረቂቅ ሲያጸድቅ «አለቀ» ብሎ መበተን ነው። ኤች አር 2003ን እናስታውስ። የአሜሪካን የጸጥታ እርዳታ ከኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት አያያዝ ጋር የሚያስተሳስር ረቂቅ ሕግ ነበር። ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ዶናልድ ፔይን ናቸው። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2007 አሳለፈው። ሕግ እንዲሆን ግን ሌላው ምክር ቤት ሴኔቱም ማጽደቅ፣ ፕሬዚዳንቱም መፈረም ነበረባቸው። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን ትልቅ የሕግና የሎቢ ድርጅት ቀጥሮ ይከላከል ነበር። ረቂቁም ሴኔት ገብቶ ውሃ በላው። እዚያ ረቂቅ ለመግደል የተቃውሞ ድምፅ እንኳ አያስፈልግም። የሁለት ዓመቱ የኮንግረስ ዘመን እስኪያልቅ ኮሚቴ ውስጥ ማቆየት ይበቃል። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከጭብጨባው በኋላ ነው።

የውሳኔ ሐሳብን እንደ ሕግ መቁጠርም አለ። «ኤች አር 128» እያልን የምንጠራው፣ በኤፕሪል 2018 የጸደቀው፣ በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ላይ የምክር ቤቱን አቋም የሚገልጽ የውሳኔ ሐሳብ ነበር። ወደ ሴኔትም ወደ ፕሬዚዳንቱም አይሄድም፤ ማንንም በሕግ አያስገድድም። ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጫናው ቀላል አልነበረም። ግን የያዝነው ምን እንደሆነ እንወቅ።

ሌላው ለማይመለከተው ሰው መጻፍ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ ለካሊፎርኒያ ተመራጭ ኢሜይል ማጥለቅለቅ ብዙም አይጠቅምም። ቢሮው መጀመሪያ የሚያየው ዚፕ ኮድዎን ነው። የምክር ቤት አባላት በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ፤ የሚያሳስባቸው የራሳቸው መራጭ ነው። ደብዳቤውንም ኮፒ አድርገው አይላኩ፤ የራስዎን ታሪክ ይጻፉ። ቀጠሮ ሲያገኙ የሚያነጋግርዎ ወጣት ረዳት ከሆነ ቅር አይበልዎ። ለአለቃው ማስታወሻ የሚያዘጋጀው እሱ ነው።

አንዱን ፓርቲ ብቻ የሙጥኝ ማለትም ይጎዳል። ፔይን ዴሞክራት ነበሩ። ኤች አር 128ን ያቀረቡት ክሪስ ስሚዝ ደግሞ ሪፐብሊካን ናቸው፤ እሳቸውም ከኒው ጀርሲ። ምክር ቤቱን የሚመራው ፓርቲ ሲቀየር ወዳጅ የሌለው ማኅበረሰብ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

በገንዘብ በኩል ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ለእጩ ማዋጣት የሚችሉት ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ብቻ ናቸው። ከግብር ነፃ የሆነ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የበጎ አድራጎት ማኅበር «እገሌን ምረጡ» ብሎ መቀስቀስ አይፈቀድለትም። ከአገር ቤት መንግሥት ወይም ፓርቲ መመሪያ እየተቀበለ ዋሽንግተን ውስጥ የሚቀሰቅስ ሰውም፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣው የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ (ፋራ) መሠረት ፍትሕ ሚኒስቴር ዘንድ የውጭ ወኪል ሆኖ መመዝገብ ሊኖርበት ይችላል። እዚህ ላይ በግምት አይሂዱ፤ አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ።