ፍሬሙ ጥግ ላይ አልገጥም ሲል፦ የ45 ዲግሪ መቁረጫ ሸርተቴ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ለፎቶ ወይም ለመስታወት ፍሬም ብላችሁ በጠረጴዛ መጋዝ ላይ የሚሄድ ሸርተቴ ከኮምፔንሳቶ ሠርታችኋል እንበል። ላዩ ላይ ሁለት መደገፊያ እንጨቶች ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ ታስረዋል። ከሥሩ ደግሞ በመጋዙ ጠረጴዛ ቦይ ውስጥ የሚገባ ምላስ አለው። ቆረጣችሁ፣ ገጠማችሁ፣ ጥጉ ክፍት ሆነ። ብዙ ሰው ወዲያው መደገፊያውን መነቅነቅ ይጀምራል። እባካችሁ አትቸኩሉ፤ ክፍተቱ ያለበት ቦታ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ይነግራችኋል። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ግን ሶኬቱን ንቀሉ።

ጥጉ ከውስጥ ወይም ከውጭ ሲከፈት

ሁለቱን ቁራጮች በስኳድራ 90 ዲግሪ አድርጋችሁ ያዙ። የውጭ ጫፎቹ ተነካክተው ውስጡ ከተከፈተ፣ እንጨቱ ከሚገባው በላይ ሾሏል፤ በሁለቱ መደገፊያዎች መካከል ያለው ማዕዘን ከ90 ያንሳል ማለት ነው። ውስጡ ገጥሞ ውጩ ከተከፈተ ደግሞ ይበልጣል።

እያንዳንዱ መደገፊያ ድፍን 45 ካልሆነ ብሎ መጨነቅ ግን አያስፈልግም። ግራው 44.8፣ ቀኙ 45.2 ቢሆን ድምሩ 90 ነውና ጥጉ ይገጥማል፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ አንድ ጫፍ በግራ ሌላውን በቀኝ እስከቆረጣችሁ ድረስ። ስለዚህ ልፋታችሁን ሁሉ በሁለቱ መካከል ባለው ማዕዘን ላይ አድርጉት።

ለማረጋገጥ፣ መደገፊያዎቹ ከሚገናኙበት ነጥብ ተነስታችሁ በአንዱ ላይ 30፣ በሌላው ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ለኩና ምልክት አድርጉ። በምልክቶቹ መካከል ልክ 50 ከሆነ 90 ዲግሪ ነው። መጋዙ መገናኛውን በልቶት ከሆነ በማስመሪያ መስመሩን አስረዝማችሁ ነጥቡን አግኙት። ልዩነት ካለ የአንዱን መደገፊያ አንድ ቪቲ እንዳለ ተዉትና ሌላውን አላሉት፣ ትንሽ ገፋ አድርጉ፣ እንደገና ለኩ። በ30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ግማሽ ዲግሪ ማለት 2.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ብዙ ከገፋችሁ ታልፉታላችሁ።

ሦስቱ ጥግ ገጥሞ አራተኛው እምቢ ሲል

ይሄ ነው ሰውን በጣም የሚያደክመው። አራት ጥግ ስምንት ቁርጥ አለው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት መጨረሻው ጥግ ላይ 4 ዲግሪ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ነገር ግን ማዕዘኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ርዝመቱን እዩ። ፊት ለፊት የሚቆሙትን ሁለት ቁራጮች ጎን ለጎን አጋጥማችሁ ጫፋቸው ላይ ጥፍራችሁን አስኪዱ። ጥፍራችሁ ከያዘው እኩል አይደሉም፤ ማዕዘናችሁ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ፍሬሙ አይዘጋም።

መፍትሄው መደገፊያው ላይ ማቆሚያ እንጨት ማሰር ነው። በሜትር እየለካችሁ አንድ በአንድ አትቁረጡ። የማቆሚያውን የታችኛውን ጠርዝ ትንሽ ከርከም አድርጉት፣ ሰጋቱራው እዚያ ይግባ። አለዚያ ሰጋቱራ በመሃል ይገባና ቁራጩን ያሳጥረዋል።

ማቆሚያም ኖሮ ርዝመቱ ከተለያየ፣ እንጨቱ እየተቆረጠ እያለ እየተንሸራተተ ነው። የመጋዙ ዲስክ በሰያፍ ሲገባ እንጨቱን በመደገፊያው ላይ ይጎትተዋል፣ እጅ ብቻውን አይችለውም። መደገፊያው ፊት ላይ ብርጭቆ ወረቀት በኮላ ለጥፉ፣ እንጨቱንም በሞርሳ እሰሩት። አጭር ቁራጭ ከሆነ ሞርሳው ግዴታ ነው፤ ጣት ወደ ዲስኩ መጠጋት የለበትም።

ከፊት ገጥሞ ከጀርባ ሲከፈት

ይሄ ከሸርተቴው አይደለም። ዲስኩ ለጠረጴዛው ቀጥ ብሎ አልቆመም። ስኳድራውን ከዲስኩ ገላ ጋር አስጠጉ፣ ጥርሱን ሳይነካ፣ ከዚያ ዲስኩን አስተካክሉ።

ሸርተቴው ሲወዛወዝ ወይም ሲነክስ

ከወዛወዘ ምላሱ ቀጥኗል። በጎኑ ላይ ቀጭን ቴፕ ለጥፉ፤ ካልሆነ እንደ ወይራ ካለ ጠንካራ እንጨት አዲስ ሥሩ። ከነከሰ የቦዩን ጎኖች በእርሳስ አጥቁሩና ሸርተቴውን ሁለት ሦስቴ አመላልሱት። ምላሱ ላይ የጠቆረው ቦታ የሚነካው ነው፣ እሱን ብቻ ላጉ፣ ከዚያ ሻማ ቀቡት። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በወርዱ ይሰፋል፤ በጋ ላይ ልክ የነበረ ምላስ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አልሄድም ቢል አይግረማችሁ። ክረምት ላይ ቶሎ ብላችሁ ብዙ አትላጉት፣ በጋ ሲመጣ መወዛወዝ ይጀምራል።

እንጨቱ ሲጠቁርና ሲሸት

ወይ ዲስኩ ደንዟል፣ ወይ ሙጫ ይዟል፣ ወይ ከቦዩ ጋር ትይዩ አይደለም። ለመጨረሻው እንዲህ ፈትሹ፦ አንዱን ጥርስ ምልክት አድርጉበት፣ ከፊት በኩል ከቦዩ ያለውን ርቀት ለኩ፣ ያንኑ ጥርስ በእጅ ወደ ኋላ አዙራችሁ ደግማችሁ ለኩ። ልዩነት ካለ የሚስተካከለው ማሽኑ ነው። ይሄን ችላ አትበሉ፤ ዲስኩ እንጨቱን ከኋላ ከያዘው ወደ እናንተ ይወረውረዋል።

ከታች በኩል ጠርዙ ሲሸራረፍ

የሸርተቴው መቁረጫ ስንጥቅ ሰፍቷል፣ እንጨቱን ከሥር የሚደግፈው የለም። ሸርተቴውን አትጣሉት። ወለሉ ላይ አዲስ ቀጭን ኮምፔንሳቶ አንጥፉና አንዴ ቁረጡበት።