የአያቴ ጽሑፍ ለምን ተሰረዘ? ስለ ትናንሽ የጦር ሰዎች ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

ውክፔዲያ ላይ የጦር ሰዎችን ታሪክ ማረም ከጀመርኩ ቆየሁ። በራስ አሉላ ወይም በደጃዝማች በላይ ዘለቀ የተነሣ ጭቅጭቅ ገጥሞኝ አያውቅም፤ የራሳቸው ገጽ ይኑራቸው አይኑራቸው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሙግቱ ሁልጊዜ ከእነሱ በታች ባሉት ላይ ነው፦ አምባላጌ ላይ የወደቀ ባላምባራስ፣ ኮሪያ የዘመተ አሥር አለቃ፣ ጫካ ገብቶ ያልተመለሰ የጎበዝ አለቃ። አዲስ ጸሐፊዎች እነዚህ ላይ የሚሠሩት ስህተት አንድ ዓይነት ነው። አንዳንዱን እኔም ሠርቼዋለሁ።

የቀብር ላይ የሕይወት ታሪክን ምንጭ ማድረግ

የሰለቸኝ ይሄ ነው። አንድ ወጣት የአያቱን ታሪክ ጽፎ አስገባ። የተጠቀሰው ምንጭ አንድ ብቻ ነው፤ አያቱ የተቀበሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የተነበበ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት። ይህ አይበቃም ብዬ ብጽፍለት፣ «አያቴን ውሸታም እያልክ ነው?» አለኝ። አላልኩም። ግን ያ ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን። ለቅሶ ቤት ነው፤ ሌሊት ነው፤ ከልጆቹ መካከል ጽሕፈት የሚሆንለት ብዕር ይይዛል፣ አክስት እያለቀሰች ትነግረዋለች፣ የዕድሩ ዳኛ ጣልቃ ገብቶ አንድ ዘመቻ ይጨምርበታል። «ሰው ወዳድ፣ ለሀገራቸው በቅንነት ያገለገሉ» ያልተባለ ሟች ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወረቀቱ የተጻፈው ሐዘንተኛን ለማጽናናት ነው። ሥራውንም ሠርቷል። እኛ ግን የማይችለውን ሥራ እንጭንበታለን።

ደግሞ ነገሩ በዚያ አያበቃም። ወረቀቱ ሲቀር የሙት ዓመት ማስታወቂያ ይመጣል። ማስታወቂያው ሲቀር የልጅ ልጅ ያሳተመው መጽሐፍ ይመጣል። እሱም ሲቀር «ሰፈራችን ውስጥ ማንንም ጠይቅ» ይባላል። አራቱም ከአንድ ሳሎን የወጡ ናቸው።

ሰውዬው ጀግና ነበሩ ወይ የሚለውን እኛ አንፈርድም፤ መዝነንም አናውቅ። የምንጠይቀው ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ፣ ያልተከፈለውና ያላለቀሰ ሰው ስለ እሳቸው ረገጥ አድርጎ ጽፏል ወይ ብለን ነው። የት ተወለዱ፣ በማን ሥር ዘመቱ፣ ምን ሠሩ፣ ምን ላይ ደረሱ የሚለውን ከዚያ ጽሑፍ አውጥታችሁ አንድ ገጽ መሙላት ከቻላችሁ ይበቃል። ካልቻላችሁ ጀግንነታቸው አልተነካም፤ ጽሑፉ የሚቆምበት መሬት ግን የለም።

የቀብሩን ወረቀት አትጣሉት ታዲያ። እንደ ካርታ ያዙት። የአዛዡ ስም፣ የወረዳው ስም፣ የዘመቻው ዓመት ይኖርበታል። ያንን ይዛችሁ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ግቡ፤ በየአውራጃው የአርበኝነት ትግል ላይ የተሠሩ የታሪክ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፎች አሉ። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄዳችሁ የድሮ ጋዜጣ አገላብጡ፤ አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሟል። አቧራ አለው፣ ይሰለቻል፣ ግን ሥራው እሱ ነው።

አሥር ድረ ገጽ፣ አንድ ምንጭ

አሥር ቦታ ተጽፏል ትሉኛላችሁ። ከፍቼ ሳየው አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፤ የፊደል ግድፈቱ እንኳን አልቀረም። አንድ ብላችሁ ቁጠሩት።

ማዕረግና ኒሻን አይተው መደምደም

የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የጦር ታሪክ አዘጋጆች ጄኔራልነት ወይም የሀገሩ ትልቁ የጀግና ኒሻን ካለ ይብቃ ይባልበት የነበረ መመሪያ ነበራቸው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ትተውታል። ደግም አደረጉ። እኛ ጋ ማዕረግ ከዘመኑ ተነጥሎ ምንም አይነግርም። አድዋ ላይ ፊታውራሪ ማለት ጦር የሚመራ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቆይቶ ግን ዘምቶ ለማያውቅ ባላባትም ተሰጥቷል። ከነፃነት በኋላ የተሰጠው የአርበኝነት ሜዳይም ለጥቂቶች ብቻ የተለየ አልነበረም። ሁለቱም ፍለጋ ለመጀመር ይረዳሉ እንጂ አይጨርሱትም።

ቋንቋችን ራሱ ወጥመድ አለው። ሻምበልም ሻለቃም የሰው ማዕረግም የጦር ክፍልም ስም ናቸው። አንድ ጊዜ ረቂቅ ሳነብ «ሻለቃ ቃኘው» የተባሉ ጀግና መኮንን ኮሪያ ዘምተው እንደነበር አየሁ። የትውልድ ቦታቸው ባዶ ነበር፤ ጸሐፊው «ምንጭ ያስፈልጋል» የሚል ምልክት አድርጎበታል። እንዴት አይፈልግ! ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ጦር በእሱ ተሰየመ። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ እንዲያውም ሳምንቱን ሙሉ ስስቅ ከረምኩ።

ስም መጠቀስን እንደ መተረክ መውሰድ

ከቃኘው ጋር ኮሪያ የሄደው ከ6,000 ሰው በላይ ነው፤ ከ120 በላይ እዚያው ወድቀዋል። ስማቸው በሐውልትና በስም ዝርዝር ላይ አለ፤ መኖርም አለበት። ዝርዝር ላይ የሰፈረ ስም ግን ስለ ሰውዬው አይተርክም። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የወጣ የሹመት መስመርም እንደዚያው ነው። ስለ ሻለቃ ጦሩ በተጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ይግቡ፤ የራሳቸው ገጽ ይቆይ።

በአንድ ቀን ሥራ ለሚታወቅ ሰው በችኮላ የራሱን ገጽ መክፈት

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። በመኪናው ያሸሻቸው ስምዖን አደፍርስ ነው፤ ተይዞ ተሠቃይቶ ሞተ። የእሱን ገጽ ለመክፈት የሚጣደፍ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ስሜቱን እረዳለሁ። ግን የሚጽፈው ሦስት መስመር ከሆነና ሦስቱም ስለዚያው ዕለት ከሆኑ የየካቲት 12ን ጽሑፍ ደገመው እንጂ ስለ ስምዖን አልጻፈም። ስሙን የሚፈልግ አንባቢ ወደዚያ እንዲደርስ መምሪያ መንገድ አብጁለት። ከዚያ ቀን በፊት ስለነበረው ኑሮው በቂ የተጻፈ ያገኘ ሰው ያኔ ይክፈተው።

ታዲያ ሁሉንም የአንድ ቀን ሰው እንዲህ አታድርጉ። ዘርዓይ ደረስን ውሰዱ። የሚታወቀው ሮም ውስጥ፣ ከሀገር በተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ጎራዴ በመዘዘበት ቀን ነው። ወታደርም አልነበረም፤ አስተርጓሚ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ጣሊያኖች ሲሲሊ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስገቡት፣ በ1945 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞተ። በእኛ አፍ ደግሞ ታሪኩ ሌላ መልክ ይዞ አደገ፤ በርካታ መኮንኖችን ገደለ ተባለ። የታሪክ ተመራማሪዎች ከጣሊያን ሰነድ ያወጡት ሰዎችን ማቁሰሉን ነው። ሁለቱ ትረካዎች እንዴት እንደተራራቁ የጻፉ ምሁራን አሉ። የራሱን ገጽ የሚያቆመው ይህ ሁሉ ነው። ስትጽፉት ታዲያ አፈ ታሪኩን እንደ ሐቅ አታስገቡ፣ አታጥፉትም፤ «ይባላል» በሚለው ቦታ አስቀምጡት።

የፈረስ ስምና ሞክሼ

«የባልቻ አባት ነፍሶ ይባላሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር አርሜያለሁ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። አባ ነፍሶ የፈረስ ስማቸው ነው፤ አባታቸው ሳፎ ናቸው። የአያት ስም በማይጻፍበት መዝገብ ውስጥ ደግሞ የራስና የአባት ስም የሚጋሩ ሁለት ቀኛዝማቾች ማግኘት ብርቅ አይደለም። ያ የአያቱን ታሪክ የጻፈው ወጣት ከሁለት ዓመት በኋላ የጋዜጣ ቅጂ ይዞ ተመለሰ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አብረን ስናነበው በጋዜጣው ላይ ያሉት ሰው የአያቱ ሞክሼ ሆነው ተገኙ፤ የወደቁት ማይጨው ላይ ነው። የእሱ አያት ያረፉት አልጋቸው ላይ፣ በእርጅና ነው። ራሱ ነው ቀድሞ ያስተዋለው። አሁን ጎበዝ አራሚ ሆኗል።

ዘመን ስትመልሱ 8 ደምራችሁ አትለፉ። አምባላጌ ኅዳር 28 ቀን 1888 ነው፤ በፈረንጅ 1895 ላይ ይውላል። አድዋ የዚያው ዓመት የካቲት 23 ሆኖ 1896 ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለውን ተጠንቀቁ።

ቶሎ መሰረዝ

ይሄኛው የእኔ ነው። ከላይ ያለውን ሁሉ ከተማርኩ በኋላ መቀስ የያዘ ሕፃን ሆንኩ። አንዲት ልጅ ስለ አንዲት የውስጥ አርበኛ አጭር ረቂቅ አቀረበች፤ ሴትዮዋ ስንቅና ጥይት ያቀብሉ፣ ወሬ ያደርሱ ነበር። ማዕረግ የለም፣ የመሩት ጦር የለም፣ ይሰረዝ ብዬ ጻፍኩ፤ ተሰረዘ። ሸዋረገድ ገድሌን ማስታወስ ነበረብኝ። እሳቸውም መሣሪያና ገንዘብ በማቀበል ነው የጀመሩት፤ ጣሊያን አዚናራ ደሴት ድረስ ወስዶ አሰራቸው። ጠላት ያን ያህል የፈራውን ሰው እኔ በማዕረግ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። በዚያ ላይ ስለ የውስጥ አርበኞች የተጻፈው አብዛኛው በአማርኛና በወረቀት ነው፤ እኔ የፈለግኩት ስልኬ ላይ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለአምስት ደቂቃ ነበር።

ቆይቶ በአንድ መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ሴትዮዋ አራት ገጽ አገኘሁ። ረቂቁን አስመልሼ ለልጅቷ ውይይት ገጿ ላይ ይቅርታ ጻፍኩላት። እስካሁን አላነበበችውም፤ ረቂቁ ከተሰረዘበት ዕለት ወዲህ ተመልሳ አልገባችም።